ዋናና ምክትል

ከሱቁ በር በላይ የተሰቀለችውን ሰሌዳ የጻፋት ባለሱቁ ራሱ ነው፦ «ዋና ፀጉር አስተካካይ»። ሱቁ ውስጥ ከእሱ ሌላ መቀስ የሚይዝ ፍጡር ስለሌለ «ምክትሉስ ማነው?» የሚል ደንበኛ አይጠፋም። እሱም በአገጩ የበሩን ጥግ ይጠቁማል። እዚያ ውሻው ጥይት ተጋድሞ ያንኮራፋል።

ሰፈሩ ፀጉር አስተካካዩን «ፕሮፌሰር» ይለዋል። አምስተኛ ክፍልን ሦስት ጊዜ ተምሯል፤ ሦስት ጊዜ አምስት አስራ አምስት ነው፤ አስራ አምስት ዓመት የተማረ ሰው ታዲያ ምን ይባል? ስሌቱን ያወጣው ራሱ ነው።

ስለ ጥይት ማውራት ከጀመረ መቀሱ አየር ላይ ይቀራል። «ይሄ ውሻ በወጣትነቱ ጥላውን ቀድሞ ቤት ይገባ ነበር። አንድ ቀን ሳናውቅ በሩን ዘጋን። ጥላው ምስኪን ደጅ አደረ።»

«አሁንስ?»

«አሁንማ ጥላው ነው የሚጎትተው።»

ይኸኛው እንኳ እውነት ነበር። ጥይት የሱቁን ሦስት ደረጃዎች መውጣት አቅቶት ፕሮፌሰር ጠዋት ጠዋት እንደ ስሚንቶ ከረጢት አቅፎ ያስገባዋል። ደንበኞች «ውሻ ነው ሶፋ?» እያሉ ይሳለቁበታል።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። ልጅ አልወለዱም፤ ጥይት እግሯ ሥር ካልተኛ ክሩ ይበጠስብኛል ትላለች። አንድ ቀን የስፌት መኪናዋን አቆመችና «ስማ፣ ዛሬ ሐኪም ዘንድ ትወስደዋለህ» አለችው። «አፍህን ዘግተህ፣ ጆሮህን ከፍተህ። ይሄ ውሻ አንድ ነገር ቢሆን…» የቀረውን በጥርሷ ከክሩ ጋር ቆረጠችው።

የእንስሳት ሐኪሟ ወጣት ናት። ጥይትን መዘነችው፤ ሠላሳ አራት ኪሎ። ዳሌውን ጫን ስታደርገው ጮኸ። «ጋሼ፣ ስምንት ኪሎ ትርፍ ነው። ካልቀነሰ የኋላ እግሮቹ ይከዱታል» አለች። ቀጥላም ማድረግ ያለበትን አንድ በአንድ ዘረዘረችለት። ችግሩ፣ ፕሮፌሰር በዚያው ሰዓት የጥላውን ታሪክ እየነገራት ነበር። ሁለቱም እኩል ሲያወሩ ቆዩና እሷ ተሸነፈች፤ ወረቀት ላይ ጻፈችለት። ደጅ ሁለት ድመትና አንድ የተቆጣች ፍየል ስለሚጠብቋት በቃላቱ መሃል ነጥብ እንኳ አላደረገችም።

«በሳምንት አራት ቀን ዋና ምግብ በቀን ሁለቴ ባለቤቱ አብሮት ይግባ»

ፕሮፌሰር መንገድ ላይ አነበበውና ልቡ ሞቀ። «ዋና» የምትለውን ቃል ከእሱ በላይ ማን ያውቃል? በሩ ላይ ሰቅሏታል። በሳምንት አራት ቀን ዋና ምግብ፣ ያውም ሁለቴ! ዋና ካለ ደግሞ ምክትል አለ፤ ያለ ምክትል የሚሠራ መሥሪያ ቤት የት አለ? ስለዚህ በዋናው መሃል ምክትል ምግብ ይገባል። በቀሩት ሦስት ቀናት ዋናው እረፍት ሲወጣ ምክትሉ ወክሎት ቀኑን ሙሉ ይሠራል። «ባለቤቱ አብሮት ይግባ» የምትለው ትንሽ አስቸገረችው። ገበታ ላይ ማለቷ ነው ብሎ፣ እሱም አብሮ ገባ።

ሚስቱ ለውሻው እንቁላልና ዳቦ ሲደረደር አይታ «እውነት ሐኪሟ እንዲህ አለች?» አለችው።

«በጽሑፍ!» ኪሱን መታ መታ አደረገ።

«አሳየኛ።»

«የሐኪም ጽሕፈት ለሁሉም አይነበብም፣ የኔ እመቤት።»

በሦስተኛው ሳምንት፣ አንድ ጠዋት፣ ጥይት ከመኪናዋ ሥር ሊነሳ ሞከረ። የፊት እግሮቹ ቆሙ፤ የኋላዎቹ አልሰሙትም። ሚስቱ ሰፍታ ባልጨረሰችው መጋረጃ ላይ አስተኙትና ጫፍና ጫፉን ይዘው ሄዱ። ያያቸው ሰው ሁሉ ሬሳ ያለ መስሎት ኮፍያውን አወለቀ።

ሠላሳ ስምንት ኪሎ።

«ዋናውን ጀምሯል?» አለች ሐኪሟ ከጭምብሏ ሥር።

የፕሮፌሰር ጆሮ እንደ ዓይኑ ነው፤ የፈለገውን ይሰማል። «ዋናውማ እንከን የለውም። ምክትሉን ነው ትንሽ ያበዛነው መሰለኝ።»

«ስንት ደቂቃ ይቆያል?»

«ኧረ ሁለት አይሞላም! ሳህኑን ልሶ ሌላ ይላል።»

ሐኪሟ ጭምብሏን ዝቅ አደረገች። «ሳህን?»

ሚስቱ እጇን ኪሱ ውስጥ ሰዳ ወረቀቷን መዘዘች። አንዴ በልቧ አነበበች። ሁለተኛ ጊዜ ጮክ ብላ፣ «ዋና»ን ላላ አድርጋ፣ እዚያው ላይ ትንፋሽ ወሰደች። «አንተ ሰውዬ! ይዋኝ ነው'ኮ የሚለው! ምግቡ ለብቻው ነው!»

አንዲት ቃል ጠብቃ ስትነበብ ትበላለች፣ ላልታ ስትነበብ ትዋኛለች። ይህ ትምህርት አምስተኛ ክፍል ላይ ይሰጣል። ፕሮፌሰር ሦስቱንም ዓመት ያን ቀን ቀርቷል።

«ረፍዷል?» አለ።

«አልረፈደም» አለች ሐኪሟ። «ውኃ ክብደቱን ይሸከምለታል፤ እግሩ ሳያመው ይንቀሳቀሳል። ግን ዛሬውኑ ይጀመር። ብቻውን ስለሚፈራ ባለቤቱ አብሮት ይግባ።»

ፕሮፌሰር ቀስ ብሎ ወደ ሚስቱ ዞረ። «ባለቤቱ ብላለች እንግዲህ…»

«የውሻው ባለቤት! ያንተ ባለቤትማ ዳር ቆማ ታያለች።»

«እኔ እኮ ዋና…»

«ሞልቶ የፈሰሰ ወንዝ በሬ ተሸክመህ የተሻገርክ ጀግና፣ ውሻ ያቅትሃል?»

ያንን በሬ ሃያ ዓመት ሙሉ ለደንበኞቹ አሻግሯል። እውነቱ ሲወጣ፣ ከልብስ ማጠቢያ ገንዳ የጠለቀ ውኃ ገብቶ አያውቅም።

ከሰፈሩ በታች ባለው ሐይቅ ዳር ሱሪውን ሰብስቦ፣ ጥይትን ከሆዱ ደግፎ እስከ ደረቱ ገባ። ጥይት መጀመሪያ ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ አራቱም እግሮቹ መቅዘፍ ጀመሩ። የኋላዎቹም ጭምር! ጥቂት ቆይቶ ማን ማንን እንደያዘ አልታወቀም።

«ልቀቀው፣ አሰመጥከው!» ሚስቱ ከዳር ጮኸች።

«ብለቀው እኔ እሰምጣለሁ!»

በዚያ ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

ምክትል ምግብ ከሥልጣኑ ተሻረ። ዋናውን ሚስቱ በኩባያ እየሰፈረች ሰጠች። በሳምንት አራት ቀን ሦስቱም ወደ ሐይቁ ወረዱ። በሦስተኛው ወር አንድ ጠዋት ፕሮፌሰር እንደ ልማዱ ውሻውን ሊያቅፍ ጎንበስ ሲል፣ ጥይት ገለል አለና የፊት እግሩን የመጀመሪያው ደረጃ ላይ ጣለ። የኋላው እየተንቀጠቀጠ ተከተለ። ሁለተኛው። ሦስተኛው ላይ እንደ ሽማግሌ ቆሞ ተነፈሰ፤ ገብቶም ጥጉን ያዘ።

ፕሮፌሰር ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ ዓይኑን በፎጣ ጠረገ። «ፀጉር ገብቶበት ነው» አለ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

ወሬው የደረሰው ደንበኛ ወደ ሰሌዳዋ አንጋጠጠ። «ፕሮፌሰር፣ ይቺ ‹ዋና› ጠብቃ ነው ላልታ?»

«ላላ አድርጋት» አለ ፕሮፌሰር፣ በአገጩ የበሩን ጥግ እየጠቆመ። «ምክትሉ ነው ያስተማረኝ።»