ያልተወጋው አፍንጫ

ሳቢራ ከአዲስ አበባ ስትመለስ አፍንጫዋ ስትሄድ እንደነበረው ነበር። ይህን ግን ከሚሴ ውስጥ የሚያምናት ሰው አጣች።

በሰባት ዓመቷ፣ ጨፋ ሮቢት አጠገብ ባለው ቤታቸው፣ አንዲት ጊደር በጭንቅላቷ መትታት የአፍንጫዋ አጥንት ወደ ውስጥ ገብቶ ቀርቷል። የተሰፋው ቁስልም ጠባሳ ትቶባታል። አሁን ሠላሳ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ከሚሴ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ትሠራለች። ፊለር የሚሉት መርፌ ጎድጓዳ አፍንጫን ያለ ቀዶ ሕክምና እንደሚሞላ በስልኳ ካየች ወዲህ ሌላ ነገር ማሰብ አቅቷት ነበር፤ ፈቃድ ጠይቃ ሄደች።

ሐኪሙ አፍንጫዋን እየዳሰሰ ብዙ ቆየ። «አልወጋሽም» አላት በመጨረሻ። «ጠባሳ ያለበት ቦታ አስቸጋሪ ነው። መርፌው የደም ሥር ቢዘጋ ቆዳሽ ይሞታል፤ ዓይንሽንም ሊያሳጣሽ ይችላል። ያንቺ በቀዶ ሕክምና ቢሆን ይሻላል።»

«ትንሽ እንኳ?» ብላ ለመነችው። እምቢ አለ።

በማግስቱ ሚኒባስ ይዛ ተመለሰች። ለምን እንደሄደች የነገረችው ለወንድሟ ሚስት ለኡሚ ብቻ ነበር። ኡሚ በሩን ከፍታ ትክ ብላ አየቻትና «ማሻአላህ፣ ቀጥ አለልሽ» አለቻት።

«አልተወጋሁም፣ ኡሚ። ሐኪሙ እምቢ አለኝ።»

«ከኔም ትደብቂያለሽ?»

«ወላሂ አልተወጋሁም።»

«ኧረ ለዚህ ብለሽ አትማዪ» አለች ኡሚ።

ሰኞ መሥሪያ ቤት ስትገባ ወሬው ቀድሟት ደርሷል። አለቃዋ አቶ ሙሀመድኑር «አላህ የፈጠረውን መነካካት ደግ አይደለም፤ ከሠሩት አይቀር ግን ጥሩ ሠርተውልሻል» አሏት። ሳቢራ መታወቂያዋን አውጥታ ፎቶውን ከፊቷ ጎን ያዘች። «ይኸው እዩት፣ ያው ነው።»

አብራት የምትሠራው ጀነት ጠጋ ብላ አየች። «ፎቶው ላይ በጣም ጎድጓዳ ነበር እኮ» አለች።

ከዚያ በኋላ መልስ መስጠቱን ተወችው። ከሐሜቱ ይልቅ ያላገኘችውን ነገር ማድነቃቸው አንገበገባት። መስታወት ፊት ቆማ ጎድጓዳውን በአውራ ጣቷ ትለካለች። ይህ ሁሉ ሰው ድሮም አላየው ይሆን እንዴ? ይህን ስታስብ ደግሞ ባሰባት፤ ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ ሻሿን ወደ ፊት ስባ የሄደችው ለማን ኖሯል?

ዓርብ ከሰዓት እናቷ አስያ ከጨፋ ሮቢት መጣች። ገና ከባጃጁ ሳትወርድ ሳቢራ ተቀበለቻት። «እማ፣ ሳትቆጪ ስሚኝ፤ አልተወጋሁም።»

«ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ እስቲ ቅረቢ።»

አስያ ጣቷን ከሳቢራ ግንባር ጀምራ ቀስ ብላ ወደ ታች አወረደች። ጎድጓዳው ላይ ስትደርስ ቆመች። «አለ» አለች።

«አለ እያልኩሽ እኮ ነው!»

በሳምንቱ ውስጥ ያመነቻት የመጀመሪያዋ ሰው እሷ ነበረች። ግን የአስያ ፊት ጠቆረ። ገብታ መደቡ ላይ ተቀመጠች። «ሠርተውልሽ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር የመጣሁት። ያን ዕለት ጊደሯን ያዢልኝ ብዬ የላክሁሽ እኔ አይደለሁ? ባየሁሽ ቁጥር እሱን ነው የማየው።»

ሳቢራ ለቁጣ የሚሆን መልስ ሳምንቱን ሙሉ ስታዘጋጅ ነበር የከረመችው። «ያንቺ ጥፋት አይደለም» አለች በተቆጣ ድምፅ።

«ሌላ ሐኪም የለም?»

«አለ። እሱ ግን በቀዶ ሕክምና ነው፤ ወረፋው ደግሞ ዓመት ይፈጃል አሉኝ።»

«እንመዘገባለና።»

«እንደገና ሄጄ ልመለስ? ሰው ምን ሊል ነው?»

«ሰውማ ተሠርታለች ብሎ ጨርሷል» አለች አስያ።

ሳቢራ ልትስቅ ፈልጋ ሳቁ አልመጣላትም። ስልኳን አውጥታ ለወረፋው ለመመዝገብ ወደ ሐኪም ቤቱ ደወለች። መስመሩ ተይዟል። እናቷ አጠገቧ ተቀምጣ ስታያት፣ መልሳ ደወለች።