የዓይን ምስክሩ ድምፅ

«መቶ አለቃው ምሽጉን ጥሎ ሸሸ» የምትለው መስመር አንጀቷን ማሳረር የጀመረችው ተመራማሪዋ ገና ተማሪ ሳለች ነው። መቶ አለቃው አባቷ ነበር፤ ከዚያ ጦርነት አልተመለሰም። እናቷም «የሸሺው ሚስት» መባልን እየፈራች ከጎረቤት ጋር ቀና ብላ አውርታ አታውቅም። የጦር ታሪክ ተመራማሪ የሆነችው በዚችው መስመር የተነሳ ነው። አሁን ደግሞ ለጦሩ የመታሰቢያ ድንጋይ ሊቆም ሲሆን፣ ኮሚቴው «ሸሽቷል ተብሎ ተጽፏል» ብሎ የአባቷን ስም ሳያስገባ ተወው።

ማን ጻፈው? አንዱ መጽሐፍ ከሌላው ቀድቶ፣ ያም ከሌላው። የተማሩ ሰዎች እንደ ሰፈር ወሬኛ ሲቀባበሉት ኖረዋል! የመጀመሪያው መጽሐፍ ብቻ በግርጌው «ከዓይን ምስክር የተገኘ» ይላል። ስም የለውም።

የዚህ መጽሐፍ ደራሲ፣ ጡረታ የወጡት ፕሮፌሰር፣ ስንቴ ካመላለሷት በኋላ ዛሬ የምስክሩን ቃል የቀዱበትን ካሴት ከፈቱላት፤ እሷም በስልኳ ቀዳችው። አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገና፣ መቶ አለቃው ወታደሮቹን ጥሎ ሲወጣ በዓይኔ በብረቱ አየሁት እያለ ይተርካል። መሃል ላይ አንዲት ሕፃን «ጋሼ፣ ውሃ!» አለች። «እሺ የኔ እናት፣ ቆይ» አላትና ወሬውን ቀጠለ።

ድምፁንም አጠራሩንም አወቀችው፤ ሕፃኗ እሷው ነበረች። ሰውየው ያሳደጋት አጎቷ፣ ከአባቷ ጋር የዘመተው ታናሽ ወንድሙ ነው! እንደ አባት ያየችው ሰው፣ በጠየቀችው ቁጥር «እኔ ያን ቀን ሐኪም ቤት ተኝቼ፣ ምን አይቼ» ይላት ነበር። እሷም አምና፣ ምስክር ፍለጋ አገር ምድሩን ስታካልል ኖረች።

ቤት ስትገባ አጎቷ ሳሎን ጋዜጣ ያነባል፤ እናቷ ማዕድ ቤት ድስት ታጥባለች። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ፣ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ቅጂውን ከፈተችው። አጎቷ የገዛ ድምፁን ሲሰማ ፊቱ አመድ መሰለ።

«ዝጊው፣ እናትሽ ትሰማለች» አለ በሹክሹክታ።

«ሐኪም ቤት አልነበርክም?» ዕድሜ ልኳን አንቱ ስትለው የኖረችውን ሰው አንተ አለችው።

«ፕሮፌሰሩ ከሁለታችሁ አንዳችሁ ሸሽታችኋል አሉኝ፤ የሸሸሁት እኔ ነኝ ልበል? እሱ ወታደሮቼን ጥዬ አልሄድም ብሎ እዚያው ቀረ። ሞቷል፣ ምን ይጎዳዋል? እኔ እናንተን ማሳደግ ነበረብኝ።»

«እሷንስ?» አለች ጥርሷን ነክሳ፣ ወደ ማዕድ ቤቱ እያመለከተች። «ስታለቅስ አጠገቧ ተቀምጠህ ታጽናናት አልነበር? አታፍርም?»

«ጋሼ፣ ውሃ!» አለች ሕፃኗ ከስልኩ ውስጥ።

እናቷ እጇን በፎጣ እየጠረገች ብቅ አለች፤ ፊቷ በርቷል። «ውይ! ይሄ የአንቺ ድምፅ አይደለም እንዴ? ከየት አገኛችሁት? እስኪ ከመጀመሪያው አሰሙኝ» አለችና ወንበር ስባ ተቀመጠች።

አጎቷ ወደ ስልኩ እጁን ሰደደ። ተመራማሪዋ እጁን ጨምድዳ ያዘችና፣ በሌላ እጇ ቅጂውን ወደ መጀመሪያው መለሰችው።