ጎን ለጎን የተባለው መድኃኒት

ሺፋ የእትዬ የሺሀረግን ሻሽ ስትፈታላቸው ጸጉር አየች፤ አጭር፣ እንደ ጫጩት ላባ የለሰለሰ። ደስታዋን መደበቅ አልቻለችም።

«እትዬ! ጸጉርዎ እኮ ወጣ!»

«ይውጣ እንጂ!» አሉ አልጋው ላይ እየተጋደሙ።

እትዬ የሺሀረግ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበሩ። ዕድሜ ልካቸውን ሲተይቡ የደደረው ትከሻቸው ነው መጀመሪያ ወደ ሺፋ ያመጣቸው። ሺፋ የምትሠራው ልደታ ኮንዶሚኒየም ሥር፣ ፊራኦል በከፈታት ባለ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ነው። በአንዱ ክፍል እሷ ማሳጅ ትሠራለች፤ በሌላው እሱ ሕንድ አገር የተማረውን ሆሚዮፓቲ ይሰጣል፤ ስኳር ስኳር የሚሉ ደቃቅ ነጫጭ እንክብሎች ናቸው። እትዬ የሺሀረግ ጡታቸው ላይ ካንሰር ተገኝቶባቸው የኬሞ ሕክምና ሲጀምሩም መምጣታቸውን አልተዉም። መድኃኒቱ ጸጉራቸውን አርግፎ እግራቸውን እያደነዘዘ እንቅልፍ ሲነሳቸው፣ ሺፋ በቀስታ ስታሻቸው እዚያው እንቅልፍ ጭልጥ አድርጎ ይወስዳቸዋል።

«ታዲያ ሐኪሙ ጨርሰዋል አለዎት?»

«ምን ሐኪም አለ፣ እኔ ነኝ የጨረስኩት! ይኸው አሁን እህል ይገባልኛል፣ አያስመልሰኝም። የፊራኦል ፍሬዎችና ያንቺ እጅ ይበቁኛል።»

ሺፋ አሽታ ጨረሰች፣ ሸኘቻቸው፣ ከዚያ በቀጥታ ወደ ፊራኦል ክፍል ገብታ ነገረችው።

«ጎን ለጎን ነው ያልኳቸው» አለ ፊራኦል ደንግጦ። «ለማቅለሽለሹ ብዬ ነው የሰጠኋቸው። የሐኪሙን ይተዉ መቼ አልኩ?»

«ትተውታል እኮ! ጠይቀሃቸው ታውቃለህ?»

ፊራኦል የእንክብሉን ጠርሙስ ከደነ። «ተሽሎኛል ሲሉኝ ደስ አለኝ» አለ። ክፉ ሰው ቢሆን ለሺፋ በቀለላት።

በሚቀጥለው ሲመጡ ሁለቱም አስቀመጧቸው። ፊራኦል እንክብሉ ካንሰር እንደማያድን ፊት ለፊት ነገራቸው። እሳቸው ግን የሚያዩት ሺፋን ነበር። እሷም ያላሰበችው ቃል ከአፏ አመለጠ።

«እኔም ወደ ሕክምናዎ እስኪመለሱ አላሽዎትም።»

«አንቺም?» አሉ። «እኔ ካንቺ መዳን አልለመንኩሽም፣ ልጄ። እዚያ ሐኪም ቤት መርፌ ሳይዝ የሚነካኝ ሰው የለም። ባዶ እጅ ያየሁት እዚህ ብቻ ነበር።» ሻሻቸውን እያሰሩ ወጡ።

ሺፋ ይመለሳሉ ብላ ነበር። አልተመለሱም። ስትደውል አያነሱም። ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ያለው ቤታቸው ድረስ ሄዳ ስታንኳኳ፣ ውስጥ ሬዲዮ እየተሰማ በሩ ሳይከፈት ቀረ። ጎረቤታቸው ብቅ ብላ፣ «ሌላ የሚያሻቸው ሰው አግኝተዋል፣ ሕመሙን በቅባት ያወጣልኛል ብለው ተስፋ አድርገዋል» አለቻት። ሺፋ የዚያን ዕለት አልጋው ላይ የተኛው ሁሉ እሳቸውን መሰላት።

ክረምቱ አለፈ። መስከረም ከጠባ በኋላ ስልኳ ጮኸ።

«ትንፋሽ አጠረኝ» አሉ እትዬ የሺሀረግ፣ ሰላምታም ሳያስቀድሙ። «ማን ይዞኝ ይሂድ?»

ሺፋ በታክሲ እየበረረች ሄዳ ደግፋ ሆስፒታል ወሰደቻቸው። ተረኛዋ ሐኪም ወጣት ሴት ናት፤ የደረታቸውን ራጅ ደጋግማ አይታ፣ ወንበሯን ወደ እሳቸው አስጠጋች። በሽታው ሳንባቸው ደርሷል። ሕክምናው ይቀጥላል፤ ካሁን በኋላ ግን በሽታውን ያዘገየዋል፣ ስቃዩን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋውም።

«ማሳጅስ?» አለች ሺፋ፣ ድምፅዋ እምብዛም ሳይሰማ።

«ያበጠው ቦታ ሳይነካ፣ በቀስታ ከሆነ ጥሩ ነው። ድሮም ቢሆን ከሕክምናው ጋር አይጣላም ነበር።»

ነገሩ ሺፋን ልቧ ላይ ወጋት። እያሸቻቸው በለዘብታ ብትለምናቸው ኖሮ በጊዜ ይመለሱ ነበር? ወይስ ሕመሙ ቀለል ሲላቸው ይባስ ይዘገዩ ነበር? ፊራኦል አሁን ደንበኛ በመጣ ቁጥር የሐኪም መድኃኒትዎን እየወሰዱ ነው ወይ ብሎ ሳይጠይቅ እንክብል አይሰጥም። ሺፋ ግን የራሷን ጥያቄ የምትጠይቀው ሰው አጥታለች።

መድኃኒቱ ሲጀመርላቸው አብራቸው ነበረች። ፊታቸው በሕመም ሲኮማተር አይታ ጫማቸውን ልታወልቅ ጎንበስ አለች።

«ተይው» አሉ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። «ዛሬ አይሁን።»

ተመልሳ ተቀመጠች። እጆቿን የምታደርግበት ጠፍቷት ቦርሳቸውን ጭኗ ላይ አቀፈች።

ሲወጡ ደረጃው ላይ ክንዷን ሳይጠይቁ ያዙ። ታክሲው ጋ እስኪደርሱም አልለቀቁትም። በሩ ሲከፈት ነው እትዬ የሺሀረግ ዞር ያሉት።

«የሚቀጥለው ቀጠሮ ጠዋት ነው ያለችው?»

«አዎ፣ ጠዋት ነው። እመጣለሁ።»

«እንግዲህ አትዘግዪ» አሉና ገቡ።