ያልተነገረው ጎጆ

ሔስተር አምፍሌት የማጨጃውን ጩኸት ስትሰማ ከሰቨርን ወንዝ ዳር፣ ከአኻያው ዛፍ ሥር፣ የሩቅ ማያ መነጽሯን ዐይኗ ላይ ደግና ተቀምጣ ነበር። መጀመሪያ በሩቁ አውራ ጎዳና የሚያልፍ የጭነት መኪና መሰላት። ወዲያው ግን ከወንዙ ማዶ አንድ ቀይ ትራክተር በጊልበርት ያፕ ሜዳ በር ገብቶ የግንቦቱን ሣር ከዳር ጀምሮ ሲያጋድመው አየች። 

ጊዜው አልነበረም። በዚያ ሸለቆ ድርቆሽ የሚታጨደው በሐምሌ ነው፤ እስከዚያ በሣር ውስጥ የተፈለፈለ ጫጩት ሁሉ ክንፍ ያወጣል። ጊልበርት ግን ዘንድሮ ሣሩን በእርጥቡ አጭዶ፣ በላስቲክ ሸፍኖ ለከብቶቹ ሊያከማች ወስኖ ኖሯል። ለሔስተር የነገራት የለም፤ እሷም አልጠየቀችም።

በዚያ ሣር ውስጥ አንዲት ከርሊው አራት ዕንቁላል ታቅፋለች፤ እግሯ ረጅም፣ ምንቃሯ እንደ ማጭድ ወደ ታች የተቆለመመ ቡናማ ወፍ። ሔስተር የአካባቢውን ወፎች ዓመቱን ሙሉ መመዝገብ የጀመረችው ከሃያ አራት ዓመት በፊት ነው። በክረምት ከሰሜን የሚወርዱትን ዳክዬዎች፣ በፀደይ ከአፍሪካ የሚመለሱትን ዘማሪ ወፎች፣ በመኸር በሰማይ የሚያልፉትን መንጋዎች ስትቆጥር ኖራለች። በመጀመሪያው ዓመት በሸለቆው አሥራ አንድ ጥንድ ከርሊው ነበር። ዘንድሮ አንድ ጥንድ ቀረ። እንደ ሔስተር ስሌት ዕንቁላሎቹ የሚፈለፈሉት ነገ ወይም ከነገ ወዲያ ነበር።

ይህን ለማንም አልተነፈሰችም። በወፍ ተመልካቾች ዘንድ ብርቅ ወፍ የት እንደምትፈለፍል መናገር ነውር ነው፤ ዕንቁላል ሰብሳቢ ሌቦች ወሬ እየተከተሉ ይመጣሉና። ከስምንት ዓመት በፊት በመንደሩ አዳራሽ ስለ አንድ ጎጆ አንዲት ቃል አመለጠቻት፤ በሳምንቱ ጎጆው ባዶውን ተገኘ። ከዚያ ወዲህ አፏን ለጎመች። የሰው ዱካ ቀበሮን ይመራል በማለትም ወደ ጎጆ ቀርባ አታውቅም። ከአኻያው ሥር ሆና ከሜዳው ማዶ ያለውን የቤተ ክርስቲያን ግንብ በሜዳው ውስጥ ከበቀለ ረጅም ኮሸሽላ ጋር ታስተካክላለች፤ ጎጆው ከኮሸሽላው ግርጌ ነው።

በሚያዝያ ጊልበርት ራሱ ጠይቋት ነበር። በልጅነታቸው አንድ ክፍል የተማሩ ናቸው።

“አንቺ ሔስተር፣ ሜዳዬን ከላሞቼ ይልቅ አንቺ ወደድሽው። ምን አግኝተሽ ነው?”

“ዳክዬ ነው።”

“ሣር ውስጥ?”

“ዳክዬ አልኩህ እኮ!”

እየሳቀ ሄደ።

አሁን ወንዙን በድልድዩ ዞራ ለመሻገር ግማሽ ሰዓት በቢስክሌት መጋለብ ነበረባት። ሳንባዋ እስኪቃጠል ጋለበች። ከሜዳው በር ስትደርስ ትራክተሩ ዙሪያውን እያጠበበ ሄዶ ከሣሩ ሢሶው ብቻ ቆሟል። ቢስክሌቷን ጥላ፣ እጆቿን ዘርግታ ከፊቱ ተገተረች።

ነጂው ዴሪክ ታንዲ በየእርሻው እየተቀጠረ የሚያጭድ ግዙፍ ጎልማሳ ነው። ፍሬን ረግጦ በመስኮቱ ብቅ አለ።

“አብደዋል እንዴ ሚስ አምፍሌት? አሁን ከሣሩ ጋር ባስተኛዎት ለሚስቴ ምን ልላት ነው?”

“አጥፋው! ዴሪክ፣ በእግዜር፣ አጥፋው! ጎጆ አለ!”

ዴሪክ ሞተሩን አጠፋ። ከፀጥታው ውስጥ ያች ወፍ ከሰማይ ስታለቅስ ተሰማ።

“ታዲያ ያሳዩኝና ዞሬ ልለፍ። ለዚህ ነው ይሄ ሁሉ ጩኸት?”

ሔስተር ዙሪያዋን ቃኘች። ከወንዙ ማዶ ሆና በጣቷ ልትጠቁመው የምትችለውን ስፍራ እዚህ ቆማ አታውቀውም። በቆመው ሣር ላይ ኮሸሽላውን ፈለገች። የለም። ከሌላው ጋር ታጭዶ ወድቋል።

ያን ጊዜ ጊልበርት በበሩ ገባ። የሆነውን ከዴሪክ ሰማና ወደ ሔስተር ዞረ።

“ዳክዬ ነው ብለሽኝ ነበር።”

“ዋሸሁህ።”

“እኔን? ዕንቁላል ሌባ አድርገሽኝ ነው? አባቴ እኮ ለእነዚህ ወፎች ሲል ከዚህ ሜዳ ጥግ ሳያጭድ ይተው ነበር። ማንም ሳይለምነው! አንድ ቃል፣ ሔስተር። አንድ ቃል ብቻ ብትነግሪኝ እስከ ሐምሌ እጠብቅ ነበር።”

 ወቀሳው ልክ ነበር፤ ለሐዘን ግን ጊዜ አልነበረም። ግንቡ በስተፊቷ፣ አኻያው በስተኋላዋ እስኪስተካከሉ ድረስ ወደ ጎን እየተራመደች ቦታ ያዘች። በመካከላቸው ያለው መስመር የታጨደውን ሣር አቋርጦ ያልፋል።

“በዚህ መስመር ላይ ነው፤ ርቀቱን ግን አላውቀውም” አለች።

ሦስቱም ተንበረከኩ። የታጨደውን ሣር በእጃቸው እያነሡ፣ ከሥሩ እየዳበሱ በመስመሩ ሄዱ። ከሰሜን ጥቁር ደመና እየቀረበ ነበር፤ በአጥሩ እንጨት ላይም ሁለት ቁራዎች መጥተው ተቀመጡ።

“እዚህ” አለ ጊልበርት ቀስ ብሎ።

ሦስቱ ዕንቁላል ተጨፍልቋል። ከተሰበረው ቅርፊት ውስጥ እርጥብ ላባና ገና ያልጠነከረ ምንቃር ይታያል። አራተኛው ደህና ነበር። ሔስተር ጎንበስ ብላ ጆሮዋን አስጠጋች፤ ከውስጥ ቀጭን መታ መታ ይሰማል።

ዴሪክ ቆቡን አወለቀ። “እኔ እኮ አላየሁም፣ ሚስ አምፍሌት። ባይ ኖሮማ...”

“ታዲያ ምኑን ታይ ነበር? ማን ነገረህና?” አለችው ሔስተር።

የተሰበሩትን አነሡ፤ የቀረውን ዕንቁላል ቁራዎቹ ከላይ እንዳያዩትም በዙሪያው ሣር ከምረው፣ እናቲቱ እንድትመለስ ከበሩ አጠገብ ካለው አጥር ሥር ተሸሸጉ። ዝናቡ ጀመረ። ከርሊዋ ዞረች፤ ጮኸች፤ ራቀች። ሔስተር እየቀዘቀዘ ያለውን ዕንቁላል እያሰበች ሣሩን በጥፍሯ ትነቅል ጀመር። ሁለት ጊዜ ቁራ ወረደ፤ ሁለቱንም ጊዜ ዴሪክ ድንጋይ ወርውሮ አባረረው፤ ከርሊዋም ዐብራ በረገገች።

ለሦስተኛ ጊዜ ስትመለስ ከርሊዋ ሩቅ አረፈች። በታጨደው ሜዳ ላይ፣ መሸሸጊያ በሌለበት፣ እየቆመች እየሄደች መጣች። ከተከመረው ሣር ስትደርስ ረጅም ጊዜ ቆማ አየችው። ከዚያ ተቀመጠች። በሥሯ ያለው አሁንም ይንኳኳ፣ ወይስ ዝም ብሎ ይሆን፣ ከአጥሩ ሥር ሊያውቅ የሚችል አልነበረም።

“የቆመውን ተወው” አለ ጊልበርት ለዴሪክ። “ነገ ወደ ታችኛው ሜዳ እንሄዳለን።”

ሔስተር ደነገጠች። ዝናቡ በጉንጯ እየወረደ ሁለቱን አየቻቸው።

“ታችኛው ሜዳ ውስጥ ጅግራ አለች” አለች በመጨረሻ። “ከውኃ ገንዳው በስተግራ፣ ከአጥሩ ሰባት እርምጃ ያህል። ዐሥራ አራት ዕንቁላል ይኖራታል። ከእሷ ወደ በሩ ስትመጡ ደግሞ...”

“ቀስ በይ” አለ ጊልበርት ዐይኑን ከወፊቱ ሳያነሣ። “ዴሪክ ይስማ፤ አንድ በአንድ ንገሪን።”