የጊፋታው መዳቢ

ክብረት አባቷን ሊጠይቅ የሚመጣውን ሰው ሁሉ መጀመሪያ በር ላይ ታስቆመው ነበር። «ካንሰር የምትለውን ቃል እንዳታነሡ። ፊታችሁንም አታጥቁሩ። ተጫውታችሁ ውጡ» ትላለች። መምህርት ናትና ማዘዝ ታውቅበታለች፤ ሰዉም ይታዘዛታል። ከአረካ የመጡት የአባቷ ታላቅ እህት እንኳ እንባቸውን በር ላይ ጠርገው ገቡና፣ አጥንታቸው የወጣውን ወንድማቸውን አይተው «ወፍረሃል» አሏቸው። አቶ ሻንቆ ደግሞ አርባ ዓመት በሶዶ ገበያ ልብስ ሲሰፉ የኖሩ ናቸው። የሰው ወገብ በዓይኑ የሚለካ ሰው፣ ወፍረሃል ሲሉት ምን ይበል? «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አሉና ወደ ግድግዳው ዞሩ።

ልጅቱ ክፉ ሆና አይደለም። እናቷ ከሞተች ወዲህ በቤቱ ያሉት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ሐኪሙ «ጉበታቸው ከእንግዲህ አይድንም፤ የምንችለው ሕመሙን ማስታገስ ነው» ካላት ቀን ጀምሮ መቀሱንም መርፌውንም ሰብስባ ቆለፈችባቸው። እሳቸው «ክብረት፣ እኔ ከሄድኩ በኋላ…» ብለው በጀመሩ ቁጥር «ኧረ አባዬ፣ አታሟርት! ትድናለህ» ትልና ሾርባ ታጎርሳቸዋለች። አፉ በሾርባ የተሞላ ሰው ደግሞ ኑዛዜ አይናገርም።

ጊፋታ አራት ቀን ሲቀረው የሰፈሩን ቅርጫ የሚያስተባብሩት አቶ ቶማ መጡ። በየዓመቱ ለዚህ የወላይታ ዘመን መለወጫ በሬ በጋራ ይታረዳል፤ ሥጋውን እኩል እኩል የሚመድቡት አቶ ሻንቆ ነበሩ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ያለ ሚዛን፣ በዓይን ብቻ ሲመድቡ «የኔ አነሰ» ያለ ሰው የለም።

«ዘንድሮ ማን ይመድብ?» አሉ ቶማ፣ በር ላይ እንደቆሙ።

«ሌላ ሰው ይፈልጉ፣ ጋሽ ቶማ። ለሱ ግን እንዳይነግሩት፤ ይጨነቅብኛል።»

ቶማ አንገታቸውን ደፍተው ተመለሱ።

በማግስቱ ሲስተር ሳሊሃ መጣች። ከኮምቦልቻ ተመድባ ሶዶ የመጣች፣ በየሳምንቱ ቤት ለቤት እየዞረች ሕመምተኛ የምታይ ነርስ ናት። አቶ ሻንቆን አይታ ከጨረሰች በኋላ ክብረትን ወደ በረንዳው ጠራቻት።

«ጋሽ ሻንቆ ትናንት ሁሉንም በመስኮት ሰምተዋል» አለቻት። «ምን ይፈልጋሉ ብዬ ጠየቅኋቸው። ‹ልመድብ› አሉኝ።»

«ቆሞ መሄድ የማይችል ሰው!»

«ተቀምጠው ይመድባሉዋ! ማስታገሻውን ከመውጣታቸው ግማሽ ሰዓት ቀደም ብለሽ ስጫቸው። ወንበሩን በትራስ ደግፊላቸው። ሲደክማቸው ታስገቢያቸዋለሽ።»

«እዚያው እንዳለ ቢሞትብኝስ?» የሞት ቃል ከአፏ ሲወጣ ይህ የመጀመሪያው ነበር። ክብረት በራሷ ደንግጣ አለቀሰች።

ሳሊሃ እስኪወጣላት ጠበቀቻት። «ቀኑን እኔም አላውቀውም» አለች ቀስ ብላ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እናንተ ቤት ግን በሽታው የተደበቀው ከባለቤቱ ነው። እሳቸው ያውቁታል፣ ክብረት። ሊነግሩሽ ሲጀምሩ ታቋርጫቸዋለሽ። ከእንግዲህ ‹ትድናለህ› አትበያቸው፤ ‹ከዚያስ?› በያቸው። አንዲት ቃል ናት።»

«እሷን ቃል ለማለትማ ለኔም ማስታገሻ እዘዥልኝ» አለች ክብረት። በእንባዋ መሐል ሁለቱም ሳቁ።

የጊፋታ ጠዋት የዳሞታ ተራራ ደመናውን ገፍፎ ብቅ አለ። በሰፈሩ ግቢ የእንሰት ቅጠል ተነጥፎ አሥራ ሁለት መደብ ተደርድሯል። አቶ ሻንቆ በትራስ ተደግፈው፣ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ቀጭን ዘንግ ይዘው ተቀመጡ። «ዮ ዮ ጊፋታ!» እያለ እንኳን አደረሰዎ የሚላቸውን ሁሉ በፈገግታ እየተቀበሉ በዘንጉ ያመለክታሉ። «ከዚህ ሁለት ጣት ቀንስ። እዚያ ጨምር። አንተ ቶማ፣ ሽንጡን ወዴት ነው የምትገፋው? ታመምኩ እንጂ ታወርኩ እንዴ?»

ግቢው በሳቅ ሞላ። ክብረት ከኋላቸው ቆማ ትንፋሻቸውን ታዳምጣለች። ከዚያ አንዱ ጎረቤት ከጉበቱ ቆርጦ፣ ዳጣ አስነክቶ ሊያጎርሳቸው ቀረበ።

«ተወው፣ ጉበትስ የራሴ በቅቶኛል» አሉ አቶ ሻንቆ።

ሰው ሁሉ ክው አለ። ሁሉም የተከለከለውን ቃል የሰማ ያህል ወደ ክብረት ዞረ። ክብረት ልትቆጣ አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን ሳቅ ነበር፤ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ያኔ ሌላውም ተከተላት። አባቷን እንዲህ ደስ ብሏቸው ካየች ስንት ጊዜዋ ነው? ሰውዬው ለካ አሁንም ሻንቆ ናቸው።

ሳቁ ሲበርድ እጇን ይዘው ወደ ፊት ሳቧትና ዘንጉን አስጨበጧት።

«ክብረት፣ ለከርሞ እኔ የለሁም። የምትመድቢው አንቺ ነሽ።»

በዚያ ግቢ ሴት መድባ አታውቅም። ቶማ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ አንድም ሰው ግን «አይሆንም» አላለም። ክብረት «አታሟርት» የምትለዋ ቃል ምላሷ ላይ ደረሰች። ዋጠቻት። እንደ ትኩስ ድንች አቃጥላት ወረደች።

«ከዚያስ አባዬ?» አለች።

አቶ ሻንቆ እንደ ድሮው፣ ልብስ ሊሰፉላት እንደሚለኳት ሁሉ፣ ከራስ እስከ እግሯ በዓይናቸው ለኳት። ፊታቸው ፈታ አለ።

«ከዚያማ ዕጣ ሲወጣ መዳቢ የሚያነሣው መጨረሻ ነው። የቀረውን ትወስጃለሽ። ይህን ካወቅሽ እጅሽ አያዳላም።»

«እሺ። ከዚያስ?»

«ከዚያማ ብዙ አለ፤ ስንት ወር ሙሉ ሾርባ ስታጎርሺኝ ያልነገርኩሽ» አሉ አባቷ። «በይ ወንበር አምጪና አጠገቤ ተቀመጪ።»