ባልዲው ስር ያለው ቦርሳ

ሃያ ዓመት ጫማ ስሰፋ «ስፌትህ ውሃ ያስገባል» ያለኝ ሰው አልነበረም፤ ሚስቴ እስክትለኝ ድረስ።

የፖስታ ቤቱ የግዢ ኃላፊ ለፖስተኞቹ ውሃ የማያስገባ ቦርሳ ይፈልግ ነበር። ትእዛዙን ካገኘን የሚስቴ ስፌት ቤት ይተርፋል፤ ካጣን በወሩ መጨረሻ ይዘጋል። ሰውየው ግን ወይ የላቦራቶሪ ወረቀት አምጡ፣ ወይ ዓይኔ እያየ ፈትኑት አለ። ለላቦራቶሪ አቅሙ የለንም። እሷ መች ተስፋ ቆርጣ። አሮጌ ባልዲ አንስታ ቂጡን በምስማር ወንፊት አደረገችውና መታጠቢያ ቤት ውስጥ በገመድ ሰቀለችው። ለናሙና አብረን የሰፋነው ቦርሳ ውስጥ በቀለም የተሞነጫጨረ ሶፍት ከትታ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ውሃ አወረደችበት። እርጥበት ከገባ ቀለሙ ይለቃል፤ በቃ፣ ላቦራቶሪዋ ይኸው ነው።

ቀለሙ ለቀቀ። ሸራው ነው መጥፎ አልኩ። እሷ ቦርሳውን ውሃ ሞልታ ሰቀለችው። ጠብታው ተሰልፎ የወጣው ከታች፣ እኔ በሰፋሁት በኩል ነበር። የኔ ወስፌ የጫማ ሶል የለመደ ነው፤ የሚበሳው ቀዳዳ ክሩን ሁለት ጊዜ ያሳልፋል። አኮረፍኩ፣ አልዋሽም።

«ወስፌህን ለጫማ ተውልኝ» አለችኝ። «ቀዳዳውን የሚደፍነውን ሰም ግን አንተ ትቀባለህ።»

ስፌቴን ፈትታ በቀጭን መርፌ መልሳ ሰፋችው፤ እኔም ሻማ አቅልጬ ቀባሁት። ሦስት ጊዜ ሞከርነው፣ ሦስቴም ሶፍቱ ደረቅ ወጣ።

ኃላፊው በቀጠሮው ቀን መጣ። ባልዲውን ሲያይ ሳቁን እንደምንም ዋጠው። ሶፍትማ ማንም ይከታል፣ ብትበላሽ የምታሳዝናችሁን ነገር ክተቱ አለ። ሚስቴ መኝታ ቤት ገብታ የጋብቻ ወረቀታችንን ይዛ መጣች። በቀለም የተፈረመ ነው፤ ሌላ ቅጂ የለውም። ተይ ልላት ስል ቀደመችኝ።

«ሰሙን ማን ቀባው?»

«እኔ።»

«ታዲያ ምን ያስፈራሃል?»

እንደዚያ የረዘመ ግማሽ ሰዓት አላውቅም። ኃላፊው ቦርሳውን ራሱ ከፈተ። ወረቀቱን በጣቱ ዳሰሰ፣ መስኮቱ ጋ ወስዶ አገላብጦ አየው። ፊርማዎቹ እንደ ሠርጋችን ቀን ቁልጭ ብለው ነበር። ሦስት መቶ ቦርሳ አዘዘ። እኔ ጎረምሳ ይመስል ሚስቴን ከነእርጥብ እጇ አቅፌ አነሳኋት፤ ሰውየው ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረልን።

ባልዲው አሁን ስፌት ቤቱ በር ላይ ተሰቅሏል። ምንድነው ለሚለኝ ሁሉ ላቦራቶሪያችን ነው እላለሁ። ወስፌዬ ግን ከዚያ ወዲህ ቦርሳ ነክቶ አያውቅም።