ያለ ግራሶ

«በአንድ ጣት፤ ተመልከቱ» አለ የሟች ወንድም፣ ሟቹ በእጁ የሠራውን ቴሌስኮፕ ለለቀስተኞች እያሳየ። ቱቦው ሳይንገጫገጭ ወደ ላይ ሄደና ጣቱን ሲያነሳ ባለበት ቀጥ አለ። «እንዲህ ያለ እጅ አፈር ይብላው?»

ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። ሻይ የምታዞረው የሟች ልጅ፣ የኩሽና ካቢኔ ሠራተኛዋ፣ ትሪውን ይዛ ደርቃ ቀረች። ያንን የቱቦውን አካሄድ ታውቀዋለች።

አባቷ ዕድሜውን ብረት በሚቀርጽበት ቶርኖ ላይ የጨረሰ ሰው ነበር። ያለ ግራሶ ቅባት የሚዞር ነገር አለ ቢሉት ቢሞት አያምንም። ቴሌስኮፑን ሲሠራ ግን ግራሶው ጉድ ሠራው፤ ቱቦው ሲገፉት ችክ ይላል፣ ጠንከር ሲያደርጉት ዘሎ ኮከቡን ያልፋል። እሷ ከሥራ ቦታዋ ፎርማይካና መጥበሻ ከሚለበጥበት ቴፍሎን ሦስት ቁራጭ አመጣች፤ ቱቦው የሚያርፍበትን ለክታ ቆረጠችለት። «አባዬ፣ ይሄ በደረቁ ነው የሚሄደው። ግራሶ ከነካው አለቀለት።»

እሱ በጓደኞቹ ፊት አገላብጦ አየና «መጥበሻ ሠርታልኝ መጣች» አለ። ሳቁባት። ቁራጮቹን መጣያ ውስጥ ወረወራቸው። ከዚያ ወዲህ በቤቱ ስሟ «መጥበሻ» ሆኖ ቀረ፤ እሷም መጋዝ ባነሳች ቁጥር የገዛ እጇን ትጠራጠር ነበር።

ለቀስተኛው ሲሳሳ ቁልፍ አምጥታ የመቆሚያውን ብሎን ፈታች። ሦስቱም የቴፍሎን ቁራጮች እዚያው ናቸው፤ መጋዟ የሳተበት ጠርዝ ሳይቀር።

እናቷ ከኋላዋ ቆማ ነበር።

«ታውቂ ነበር፣ እማዬ?»

«ከመጣያው ሲያወጣቸው አይቻለሁ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽኝ?»

«ሰው እጁን ሲያደንቅለት ደስ ይለው ነበር። አንቺማ ልጅ ነሽ፣ ትችይዋለሽ ብዬ። በይ አሁን ግጠሚው፣ ሙት ወቃሽ አትሁኚ።»

አልወቀሰችውም። ከመሣሪያ ሣጥኑ የግራሶ ቆርቆሮውን አወጣች፣ ሦስቱንም በአውራ ጣቷ ሳትሰስት ቀባች፣ እሱ እንደሚወደው አድርጋ። ከዚያ ብሎኑን አጠበቀች።

ከሰዓት በኋላ አጎትየው አዲስ ለቀስተኞችን ሰብስቦ ጣቱን ዘረጋ። ቱቦው ንቅንቅ አላለም። በሁለት ጣት ሞከረ። በመዳፉ ሲገፋው ዘሎ ግድግዳውን መታ።

አጎትየው እጁን ሰበሰበና «አያችሁ፣ ይሄ እንኳ ጌታውን አጣ» አለ፤ ድምፁ ተሰበረ። ቤቱ በለቅሶ ተናወጠ።

ከቀብሩ ጀምሮ እምቢ ያላት እንባ ያኔ መጣላት፤ ለእሱ ይሁን ለራሷ አላወቀችም። ፊቷን ልትጠርግ እጇን ስታነሳ አውራ ጣቷ ላይ ግራሶውን አየች። በጥቁር ቀሚሷ አበሰችው። አልለቅ አላት፣ ደግማ አበሰችው።